ክምሩን አትንኩብን!

በልግ እየገባ ነው። ድሬዳዋ ላይ ይህን ለማወቅ ሰማይ ማንጋጠጥ አያስፈልግም። የሰፈሩን መንገድ ማየት ይበቃል። አሸዋ ከተደፋ፣ ጠጠር ከተቆለለ፣ ብሎኬት ከተደረደረ፣ መጋቢት ገብቷል።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ገልባጭ መኪና መጥቶ ሙሉ ቢያጆ አሸዋ መንገዳችን ላይ ዘረገፈው። ሰፈሩ በሙሉ ነቃ። ያልነቃው ባለ አሸዋው ብቻ ነው። በማግስቱ ከቀፊራ ገበያ ስመለስ ባለ ባጃጁ ክምሩ ጋ ሲደርስ ቆመና «አቦ፣ ከዚህ ወዲያ በእግርህ ነው» አለኝ። ሽንኩርቴን ተሸክሜ ወጣሁት፣ ወረድኩት። ተራራ መውጣት ለጤና ጥሩ ነው ይባላል። ጎረቤቴ ለጤናዬ አስቦ ነው።

ደግሞስ ምን ያስቆጣል? በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ የባቡሩ ሰዎች የከዚራን ሰፈር ቀየሱ። መንገዱን ቀጥ አደረጉ፣ ሰፋ አደረጉ፣ ዳር ዳሩን ዛፍ ተከሉ። ያን ሁሉ ስፋት ሰው እንዲሄድበት መተዋቸው ብክነት ነበር። የዘንድሮ አልሚ ግን መንገድ ለምን እንደተፈጠረ ገብቶታል። ግቢው ሰፊ ነው፤ ግን ሴራሚክ ነው። ሴራሚክ ላይ አሸዋ ይደፋል እንዴ? ነውር ነው!

ክምሩ ስንት ጥቅም አለው መሰላችሁ። ቀን ሕፃናቱ ይንሸራተቱበታል። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ጎረምሶቹ ካርቶን አንጥፈው በርጫቸውን እዚያው ያደርጋሉ፤ ገራባውን፣ የጫቱን ትራፊ፣ አሸዋው ውስጥ ይቀብሩታል። ድመቶቹም የራሳቸውን ይቀብራሉ። ይህ ሁሉ ነገ ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ የሳሎን ግድግዳ ይሆናል። እንኳን ደስ ያላችሁ።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ግን የአሸዋው ጉዞ ነው። አሸዋው ከደረቅ ወንዝ ሆድ ይቆፈራል፣ ይጫናል፣ ይሸጣል፣ እኛ ሰፈር ይደፋል። ዝናብ ይመጣል። አሸዋው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቦይ ይገባል፣ ቦዩ ደቻቱ ወንዝ ያደርሰዋል። እዚያ ቆፋሪው አካፋውን ተደግፎ ይጠብቀዋል። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ቆየህ እኮ!» ይለዋል። ይጭነዋል። ጎረቤቴ ተከራክሮ ይገዛዋል። እንደገና ይዘንባል። እንደገና ይሄዳል። ሰውዬው ያንኑ አሸዋ ደጋግሞ እየገዛ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ያለፈው ወር ገራባ አብሮ ሲመለስ አይቻለሁ። በየጊዜው ዋጋው ቢጨምርም አይገርመኝም፤ ልምድ ያለው አሸዋ ነዋ! ሰፈሩን ያውቃል። ሹፌሩ መንገድ ቢጠፋው «በዚህ ታጠፍ» የሚለው አሸዋው ራሱ ነው። ቤቱ ጂ+1 ሆኖ ሳያልቅ አሸዋው ጡረታ ይወጣል።

ቀልዱን ልተወው። አሸዋው ሁሉ ደቻቱ አይደርስም። አብዛኛው ቦዩ ውስጥ ይቀራል። ቦይ ሲደፈን ደግሞ ውሃው የሚገባው ባለ ፎቁ ቤት አይደለም፤ እሱ መሠረቱን ከፍ አድርጓል። የሚገባው ታች ያለችው እንጀራ ጋጋሪ ቤት ነው፣ ዱቄቷ ላይ። በዚህ ከተማ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ላይ ደንገጎ ተራራ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ እንደሚመጣ ሕፃን ልጅ ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። ያንን እያወቀ ቦይ አፍ ላይ አሸዋ የሚደፋ ሰው ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለው? ለአንድ ተከራይ ክፍል ብሎ?

አብሽሩ፣ ተመልሻለሁ።

የጎረቤቴ ጥንቃቄም ሊመሰገን ይገባል። ክምሩ እንዳይሸሽ ዙሪያውን በድንጋይ አጥሮታል። ድንጋዮቹ ከአሸዋው የበለጠ መንገድ ይይዛሉ። አካፋ ይዞ ቦዩን ሊጠርግ የወጣ ሽማግሌ «አሸዋዬን እንዳትነካ!» ተብሎ ተገሥጿል። በሩ ላይ የነበረው፣ አገር ሁሉ በከተማችን ስም የሚጠራው ባለ ቀይ አበባ ዛፍም ሊያብብ ሲል ተገንድሷል። ለአዲሱ በረንዳ እይታ ጋረደ ተብሎ። በረንዳው የሚያየው ክምሩን ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ማዶ ያሉት ሰውዬ ቀንተው ጠጠር አዘዋል። በአሸዋውና በጠጠሩ መሐል የምትቀረው ቀጭን መተላለፊያም አሳሳቢ አይደለችም። ለፌሮ ተይዛለች።