ለስቲል ጊታር የሚሆን ትንሽ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ጠፋ!

ኧረ በፈጠራችሁ! የምፈልገው እኮ ማታ ከሥራ ስገባ ጎረቤት ሳልረብሽ ፔዳል ስቲሌን፣ ያንን ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተትኩ ፔዳሉን በእግሬ እየረገጥኩ የምጫወተውን ጊታር፣ የምለማመድበት አንድ ትንሽ አምፕ ብቻ ነው። ሦስት ወር ፈልጌ አንጀቴ አረረ።

ሱቅ ሄጄ ለስቲል ጊታር ስል ሻጩ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር) ያለውን ያወርድልኛል። ስቲል የሚፈልገው ንጹህ ድምፅ ነው! ቮልዩም ፔዳሉን በእግራችን ቀስ እያልን የምንከፍተው ድምፁ ሲደክም ደግፈን ለማስረዘም ነው፤ ለዚያ ደግሞ አምፑ ትርፍ ጉልበት ያስፈልገዋል። ባለ 10 ዋቱን ገዝቼ ቤት አስገባሁት። አሥረኛዋን ክር፣ ወፍራሟን ስነካት ትንሿ ስፒከር ተንኮሻኮሸች። ሦስተኛዋ ክር ላይ ብረቱን ወደ ላይ ሳንሸራትተው ደግሞ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት! እየተንሳፈፈ መሄድ ያለበት ትዝታ ቆርቆሮ ሆነብኝ። በማግስቱ መለስኩት።

"እንግዲያው ትልቁን ውሰድ" ይሉኛል። ፒቪ ናሽቪል 112 ለስቲል ተብሎ የተሠራ፣ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ 80 ዋት ነው፤ ድምፁን እወደዋለሁ። ፌንደር ትዊን ሪቨርብማ 85 ዋት ከሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ጋር! እኔ ግን የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ የጎረቤቴ ሳል ሳይቀር ይሰማኛል። ሄድፎን አድርግ የሚሉም አሉ። ሄድፎን ውስጥ ድምፁ ክፍሉን ሞልቶ ሲመለስ አልሰማውም፣ እጄም ይሰንፋል።

ንጹህ ድምፅ፣ ደህና ስፒከር፣ ትንሽ ሪቨርብ (እንደ ገደል ማሚቶ ያለ ድምፅ)፣ በአንድ እጅ የሚነሳ። ይኼ ምኑ ነው የሚበዛው?