አንቶኒ በቦታው አልነበረም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ አንድ ለቅሶ አየሁ። ሟቹ ቄሳር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ማንበብ የሚወዱ ስምንት ወጣቶች አሉ። አልፎ አልፎ ሐይቁ ዳር፣ ከአንድ ጀበና ቡና አጠገብ ዛፍ ሥር በርጩማ ይዘው ክብ ይሠራሉ። ከዚያ ተውኔት ጮክ ብለው ያነባሉ። የዚያን ቀን ተራው የሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ነበር። እኔንም ጋበዙኝ። በዕድሜ ስለምበልጣቸው መስሎኝ ነበር፤ ሂሳቡ ሲመጣ ግን ምክንያቱ ገባኝ።

ላላነበበው ባጭሩ ላውጋው። ቄሳር ሮም ውስጥ ከልክ በላይ ገነነ። «ይኼ ሰው ሊነግሥብን ነው» ያሉ ሹማምንት ዶለቱበት። ከመካከላቸው አንዱ ብሩተስ ነው፤ ቄሳር የሚወደው፣ የሚያምነው ሰው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ በፈረንጆቹ ማርች 15፣ በጩቤ ወግተው ገደሉት። ብሩተስ ወደ ሕዝቡ ወጥቶ «ቄሳርን ስለጠላሁ አይደለም፤ ሮምን አብልጬ ስለወደድኩ ነው» አለ። ሕዝቡ ተቀበለው። ቀጥሎ የቄሳር ወዳጅ አንቶኒ ተነሣ። እሱ ሲጨርስ ያው ሕዝብ የብሩተስን ቤት ሊያቃጥል ሮጠ።

አንቶኒን ያነበበው ልጅ ጎበዝ ነው። አንቶኒ የቄሳርን ካባ የሚያሳይበት ጋ ሲደርስ ጃኬቱን አወለቀና በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው። «ይህን ካባ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» አለ። ከዚያ በጣቱ እየጠቆመ፣ የካሲየስ ጩቤ የገባው በዚህ ነው፣ ይኼ የካስካ ነው፣ በዚህ በኩል ደግሞ የሚወደው ብሩተስ ወጋው። የጃኬቱ ብብት እውነትም ተተርትሯል። ማንም አልሳቀም። ቡና የሚያፈሉልን እትዬ ጀበናውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ንባቡ ሲያልቅ አንዷ «ከሃዲው ማነው?» ብላ ጠየቀች። ስምንቱም ለብሩተስ እጅ አወጡ። አይገርምም። የእኛ ሐይቅም ይህን ዓይነት ነገር አይቷል። ታላቁ ኢያሱ በፈረንጆቹ 1706 የተገደለው ከዙፋኑ ርቆ በተቀመጠበት የጣና ደሴት ላይ ነው፤ ያስገደለውም በቦታው የነገሠው የገዛ ልጁ ተክለ ሃይማኖት። ልጁም ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልቆየም፤ አደን ወጥቶ እሱም ተወግቶ ሞተ። «ርጉም» የሚለው ስም ግን እስከ ዛሬ ተከትሎታል። እዚህ አገር ያመነውን የከዳ ሰው ምሕረት የለውም።

እትዬ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። «አንተ ልጅ፣ ያ ካባውን የያዘው ሰውዬ፣ ሲገድሉት ነበረ?»

ልጁ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ። አልነበረም። ከሴረኞቹ አንዱ፣ ትሬቦኒየስ የሚባለው፣ ግድያው ከመጀመሩ በፊት አንቶኒን ዘወር አድርጎ ወስዶታል። ታዲያ የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ በምን አወቀ?

ተውኔቱን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ቀን ይህን አልጠየቅኩም። ያዘናጋኝ የንግግሩ ማማር ነው። አንቶኒ ቄሳር ካባውን መጀመሪያ የለበሰበትን ምሽት ሳይቀር ያወራል። በጋ ነበር ይላል፣ ድንኳኑ ውስጥ ነበር ይላል፣ ኔርቪ የሚባሉትን ድል ያደረገበት ቀን ነበር ይላል። እውነተኛውን ታሪክ ካየን እዚያም አልነበረም። ያ ጦርነት በ57 ቅድመ ልደት ነው፤ አንቶኒ ከቄሳር ጦር ጋር የተቀላቀለው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ዘዴ እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ገጠር ለቅሶ የደረሰ ሰው አልቃሽ እንዴት እንደምትሠራ አይቷል። የሟቹ ጋቢ ይነሣል፣ ጠመንጃው ይያዛል። እሷ ሟቹን አይታው ላታውቅ ትችላለች። ቀድማ ከዘመድ ትጠይቃለች፤ በሬው ማን ይባል ነበር፣ የት ዘምቶ ነበር፣ ማንን አሳደገ። ከዚያ ሁለት መስመር ሙሾ ታወርዳለች፣ ድንኳኑ በእንባ ይታጠባል። ይህን ውሸት የሚለው የለም። ምክንያቱም ከእንባችን ሌላ የምትፈልገው ነገር የለም። አስለቅሳ፣ ንፍሮዋን በልታ፣ ቤቷ ትገባለች። አንቶኒ ግን በእንባው ላይ ክብሪት ጫረበት።

ደግሞ ቅኔው አለ። አንቶኒ ሕዝቡ ፊት ገዳዮቹን እንዳይወቅስ ብሩተስ ቃል ስላስገባው «ብሩተስ ግን ጨዋ ሰው ነው» እያለ ይመላለሳል። ቄሳር ሥልጣን ወዳድ ነው ተባለ፤ ብሩተስም ጨዋ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ዘውድ ባቀርብለት ሦስቴም እምቢ አለኝ፤ ብሩተስ ግን ጨዋ ሰው ነው። በስድብ ቢጀምር ያን ሰዓት ይደበድቡት ነበር። ስለዚህ ሰሙን አመሰገነ፣ ወርቁን ለሰሚው ተወለት። ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባፈራ አገር ይህን ማብራራት አያስፈልግም። በነገራችን ላይ «ጨዋ» ያልኩት አውቄ ነው። የቤተ ክህነት ሰው «እሱ ጨዋ ነው» ካለ ያልተማረ ማለቱ ሊሆን ይችላል። አንቶኒ አማርኛ ቢያውቅ ይህችን ቃል አይለቃትም ነበር።

እኔ የምለው፣ እኛ ወርቁን ፈልቅቀን ስናወጣ በራሳችን እንኮራለን። «ገባኝ!» እንላለን። የገባን ነገር ሁሉ ደግሞ እውነት ይመስለናል። የሮም ሕዝብም ማንም ሳይነግረው፣ ብሩተስ ነፍሰ ገዳይ መሆኑን «ራሱ ደረሰበት»። ራሱ የደረሰበትን ነገር ማን ይጠራጠራል?

ብሩተስን ነጻ ላወጣው አይደለም። ወዳጁን ወግቷል። ግን ወጋሁ አለ፤ ምክንያቱንም ተናገረ፤ ደም የነካውን ጩቤም ይዞ ቆመ። ጥፋቱ ሌላ ነው። ካሲየስ «አንቶኒ ቀብሩ ላይ እንዲናገር አትፍቀድ» ብሎት ነበር፤ አልሰማም። ጭራሽ ሕዝቡን «አንቶኒን ሳትሰሙ እንዳትሄዱ» ብሎ ብቻውን ወጣ። እኛ ዘንድ ቀብር ሳያልቅ የሚሄድ ሰው ይታማል።

እኔ ከሃዲ የምለው አንቶኒን ነው። የከዳውም ቄሳርን አይደለም፤ ሰሚዎቹን ነው። «አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ቀብሩ ላይ የቄሳርን ኑዛዜ አወጣ። ለያንዳንዱ ሮማዊ 75 ድራክማ ትቶላችኋል አለ። ይህን ሰምተው ነው ቤት ለማቃጠል የሮጡት። መንገድ ላይ ሲና የሚባል ገጣሚ አገኙ። ከሴረኞቹ አንዱም ሲና ይባላል። «እኔ ገጣሚው ነኝ» ቢላቸው «እንግዲያስ ስለ መጥፎ ግጥሙ ግደሉት» አሉ። በእኛ አገር ለመጥፎ ግጥም ቅጣቱ ሳቅ ነው።

የሚቀጥለው ትዕይንት አጭር ነው፤ ብዙ ሰው ንግግሩን ካደነቀ በኋላ ይዘለዋል። አንቶኒና ሥልጣኑን የተጋሩት ኦክታቪየስና ሌፒደስ ተቀምጠው የሚገደሉ ሰዎችን ስም ይመርጣሉ። አንቶኒ የገዛ የእህቱን ልጅ ስም ያስመዘግባል። ከዚያ «ሂድና ኑዛዜውን አምጣልኝ፣ ከውርሱ ወጪ የምንቀንስበትን መላ እንፈልግ» ብሎ ሌፒደስን ይልከዋል። የቀብሩ እንባ ገና ሳይደርቅ።

ለወጣቶቹ ይህን አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። እትዬ ቶናውን እየቀዱ ነበር።

«እና ብሩ ደረሳቸው?» አሉኝ።

ተውኔቱ ውስጥ አይነገርም አልኳቸው። በታሪኩ ግን የከፈለው ኦክታቪየስ ነው፤ አንቶኒ አይደለም።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ወረቀቱን እያሳየ አላነብም፣ አላነብም ሲል አይደለም እንዴ የቆየው? ሊሰጥ ያሰበ ሰው እንዲህ አያንቆራጥጥም።»

ልጁ ጃኬቱን መልሶ ለበሰ። ከሐይቁ ንፋስ መጥቶ ነበር። እትዬ ስኒውን ሲያቀብሉት ክንዱን ቀና አድርገው አዩት።

«ይልቅ ይችን ብብትህን አሰፋት።»