«ይማርህ» ድሮ ቀረ

ማክሰኞ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አስነጠስኩ። አንዴ ብቻ። ለዚህችው አራት ሐኪም ተነሳልኝ።

ድሮ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ይባል ነበር። «ያኑርህ» ብለህ ትመልሳለህ፣ አለቀ። አሁን «ቫይታሚን ሲ ውሰድ» ሆኗል። መልሱን እስካሁን የነገረኝ የለም። «ቫይታሚን ዲ ይስጥልኝ» እንበል ይሆን?

ከኋላዬ የተቀመጡት እናት «የኔ ልጅ፣ ቫይታሚን ሲ አንሶሃል» አሉኝ። አጠገቤ ያለው ልጅ ማዳመጫውን ካንድ ጆሮው ነቅሎ «አንድ ሺውን ነው መውሰድ፣ አምስት መቶው አይሠራም» አለና መልሶ ሰካው። ረዳቱ መልስ እየቆጠረ «ሎሚ በማር!» ብሎ ጣልቃ ገባ። አራተኛዋ ከወፍጮ ቤት የወጣ፣ ገና ሙቀቱ ያልበረደ የበርበሬ ፌስታል ታቅፋለች። ያስነጠሰኝ እሱ ነው። እሷም አዘነችልኝ። «የበሽታ መከላከል አቅምህ ወርዷል ወንድሜ» አለችኝ። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ልከፍት እጄን ስሰድ አራቱም ሐኪሞች ባንድ ድምፅ «ኧረ ብርድ!» አሉ።

እኔ አላማርርም። እንዲህ ያለ ሕዝብ የት ይገኛል? ካርድ አውጣ አይሉህ፣ ላቦራቶሪ አይልኩህ። ሊነስ ፖሊንግ የሚባለው አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ቫይታሚን ሲ ጉንፋንን ይከላከላል ብሎ በ1970 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሲያወጣ ሁለት የኖቤል ሽልማት በእጁ ነበር። ያም ሆኖ ብዙ ሐኪሞች አላመኑትም። የኛዎቹ ያለ አንድም ኖቤል ታክሲ ሙሉ ሰው ያሳምናሉ። ከዚያ ወዲህ የተደማመሩት ጥናቶች የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው። ጤነኛ ሳሉ በየቀኑ የወሰዱት አብዛኞቹ ሰዎች ጉንፋን ከመያዝ አልዳኑም። ሲይዛቸው ግን አዋቂዎቹ ላይ 8 በመቶ ያህል አጥሮላቸዋል። ከ7 ቀን ጉንፋን ላይ 13 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ከያዘ በኋላ መጀመር ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ይህን ታክሲ ውስጥ ማን ይናገራል? እኔ አልደፈርኩም። ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ።

ቢሮ ስደርስ ደግሞ ባለቱቦው ይጠብቁኛል። በየቢሮው አንድ ባለቱቦ አለ፣ የእናንተንም ታውቋቸዋላችሁ። የኛው ባለቱቦ የሚሟሟ ቫይታሚን ሲ ኪኒን ያለበት ቱቦ ከአሜሪካ ነው የሚላክላቸው። ከመሳቢያ ሲያወጡት ወሬ ይቆማል። ክዳኑ «ጷ!» ይላል። ብርቱካናማዋን ኪኒን በሁለት ጣት ይዘው ብርጭቆው ውስጥ ይለቋታል። ትንጫጫለች፣ ትሽከረከራለች፣ አረፋ ትደፍቃለች። ጎንበስ ብለው ያዳምጧታል። የጎደለው ዕጣንና ፈንዲሻ ብቻ ነው። ጠዋት አቦል፣ ከምሳ በኋላ ቶና፣ ከመውጫ ሰዓት በፊት በረካ። እያንዳንዷ 1000 ሚሊ ግራም ናት። ለአንድ ወንድ በቀን 90 ይበቃዋል ይባላል፣ ለሴት 75። እሳቸው የ33 ወንድ ድርሻ ብቻቸውን ይጠጣሉ።

መጠኑ ከ1000 ሲያልፍ አንጀት ግማሹንም አይቀበልም። ከገባውም ላይ ትርፉን ኩላሊት በሽንት ይሸኘዋል። ብክነት ነው የሚል ምቀኛ አለ። እኔ በጎ አድራጎት ነው እላለሁ። የፎቃችን ሽንት ቤት በከተማው አንደኛ ጤነኛ ነው። ውሃ የለውም እንጂ ቫይታሚን ሞልቶታል። የእሳቸው ቱቦ ለመንገዱ ቱቦ ያስረክባል፣ የመንገዱ ቱቦ የት እንደሚፈስ ታውቃላችሁ። ባንቲ ይቀጡ ወንዝ ስንት ጉድ ተደፍቶበት አንድ ቀን ሲያስነጥስ ሰምታችኋል? አልሰማችሁም። ወንዙ ወደ አቃቂ ይወርዳል። በአቃቂ ውሃ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ቆስጣው በአይሱዙ ተጭኖ ተመልሶ ከተማ ይገባል። የባለቱቦው ባለቤት ይገዙታል፣ እስኪጠቁር ይቀቅሉታል፣ ውሃውን ጨምቀው ይደፉታል። ቫይታሚን ሲ እሳትም ውሃም አይወድም። ከፊሉ ምድጃ ላይ ይጠፋል፣ ከፊሉ ከተደፋው ውሃ ጋር ይሄዳል። ወዴት? ወደ ቱቦ። ባለቱቦው ማታ ቫይታሚን የወጣለት ቆስጣ በልተው ይተኛሉ። ጠዋት አቅማቸው ወርዷል። «ጷ!»

ማክሰኞ ምሳ አብረን ሽሮ በላን። ትሪው ጫፍ ላይ አንዲት ቃሪያ አለች፣ ጫፏ የተሰነጠቀ፣ ሽንኩርት የተጠቀጠቀባት። በጣታቸው ጀርባ ገፋ አደረጓት። «ጨጓራዬን» አሉ። ፍየል ቫይታሚን ሲን በገዛ ጉበቷ ትሠራለች፣ ሰው ግን አይችልም፣ ከሚበላው ነው የሚያገኘው። ይህን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፣ ቃሪያዋን እየገፉ። ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጆርጂ ቫይታሚኑን በብዛት ያወጣው ከእርጥብ ቀይ በርበሬ ነበር፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። ጥሬ ቃሪያ በሚዛን ብርቱካንን ትበልጣለች። ዘይቱን ደግሞ የብርቱካንን አራት እጥፍ ይይዛል። ጁስ ቤት ግን «ዘይቱን አታድርግበት፣ ፍሬው ጥርስ ውስጥ ይገባል» ነው የምንለው። በነገራችን ላይ፣ ቫይታሚን ሲ በቀን ከ2000 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን ሆድ ያስቀይማል፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ አንዳንዱን ሰው ለኩላሊት ጠጠር ያጋልጣል። ጥፋተኛዋ ግን ቃሪያዋ ናት።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። የቫይታሚን ሲ እጦት እውነተኛ በሽታ አለው፣ ስከርቪ ይባላል። ድድ ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ቁስል አልድን ይላል፣ እግር አብጦ መሄድ ያቅታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳን፣ በሶማሊያና በኛም አገር የስደተኛ መጠለያዎች ታይቷል፣ ለወራት እህልና ዘይት ብቻ በተሰፈረላቸው ሰዎች ላይ። ለእነሱ ሎሚ መድኃኒት ነበረች። ዛሬ ደግሞ ልጇ ጉንፋን የያዘባት፣ ብርቱካን መግዛት የከበዳት እናት «ይህን ካልወሰደ አይሻለውም» ተብላ ቱቦ ታቅፋ ከመድኃኒት ቤት ትወጣለች። በዚያ ብር ስንት ኪሎ ቲማቲም፣ ስንት ዘይቱን ይገዛ ነበር? የሸጠላትም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ይህ ምክር አይደለም። ከድሃ ኪስ መስረቅ ነው።

ከምሳ ስንመለስ ብርጭቆዬ ጠረጴዛዬ ላይ እየፈላ ጠበቀኝ። ሳልጠየቅ። ታክሲ ውስጥ ማስነጠሴን የተናገርኩት እኔው ነኝ፣ አፌ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እምቢ አይባልም። ጠጣሁት።

ሐሙስ ጉንፋን ያዘኝ። በዚያ በተዘጋ ታክሲ ኋላ ወንበር አንድ ሰው እስከ ሜክሲኮ ድረስ ሲስል ነበር፣ አፉን ሳይሸፍን። እሱን ማንም አልመከረውም። ለባለቱቦው በተዘጋ አፍንጫዬ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። «ማክሰኞ ያቺን ባልሰጥህ ኖሮ ይሄኔ አልጋ ላይ ነበርክ» አሉኝ፣ መሳቢያቸውን እየሳቡ።

«ጷ!»