ቤቱ ተሻሻለ፣ ሥራውስ?

በምኖርበት በቺካጎ ሮበርት ቴይለር የሚባል የመንግሥት የኪራይ ቤቶች መንደር ነበር። ባለ 16 ፎቅ 28 ሕንፃዎች ነበሩት፤ የመጨረሻው በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፈረሰ። ከእንዲህ ያሉ መንደሮች የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች መንግሥት ኪራያቸውን እየደጎመ የግል ቤት ተከራዩ። ወንጀል ከበዛበት ሰፈር ሲወጡ ሥራም ያገኛሉ ተብሎ ተስፋ ተጥሎ ነበር።

በ1994 በአምስት የአሜሪካ ከተሞች የተጀመረ ሙከራ ግን ይህን ተስፋ አልደገፈውም። ድህነት ወደ ቀነሰበት ሰፈር የተዛወሩት አዋቂዎች ጤናቸው ተሻለ፤ ሥራቸውና ገቢያቸው ግን ፈቅ አላለም። የተጠቀሙት ልጆቹ ናቸው። በቺካጎ በ1990ዎቹ ሕንፃቸው የፈረሰባቸው ልጆች ካልፈረሰባቸው የመንደር እኩዮቻቸው ይልቅ ሲያድጉ ሥራ የመያዝ ዕድላቸው በ9 በመቶ፣ ገቢያቸውም በ16 በመቶ በልጦ ተገኝቷል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይከብዳል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ተወርሰው የቀበሌ የሆኑት ቤቶች ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ መፍረሳቸው አያስቆጨኝም። ነገር ግን የቀበሌ ቤት መኖሪያ ብቻ አልነበረም፤ ጓዳው መጋገሪያ፣ ደጁ ጉሊት ነበር። ፒያሳ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክቡ የነበሩ እናት አውቃለሁ። ዛሬ ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ልጆቻቸውም ደስ ብሏቸዋል። ደንበኞቻቸው ግን በሁለት ታክሲ ራቁ፤ የመጓጓዣው ሒሳብ ትርፉን በላው። ጤፍ በዱቤ ይሰጧቸው የነበሩት ነጋዴ እዚያው ቀሩ። አዲሱ ሰፈር ውስጥ ዱቤ የሚያምናቸው ሰው ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል፤ ይህን ኪሳራ የትኛውም የካሳ ቀመር አይቆጥረውም። ቀድሞ ሥራ ሲወጡ ልጆቻቸውን ትጠብቅላቸው የነበረችው ጎረቤት ደግሞ ሌላ ሳይት ደርሷታል።

የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቆች በጨረታ ብዙ ለከፈለ ይሸጣሉ። እንጀራ ለመጋገርና ልብስ ለማጠብ የተሠሩት የጋራ ቤቶችም በየቦታው ለሌላ አገልግሎት ሲከራዩ ይታያል። ከተማው ከእነዚህ ሱቆች ከፊሉን፣ ያለ ጨረታና በመጠነኛ ኪራይ፣ ሠርተው ይኖሩበት ከነበረው ሰፈር ለተነሡ ሰዎች ይስጥ። የጋራ ቤቶቹንም ለጋጋሪዎቹ ይመልስ፤ የቤቱ ቁልፍ በሚሰጥበት ዕለት የሥራ ቦታውም ቁልፍ አብሮ ይሰጥ።