«ከእኔ ጋር ሲሆን እኮ አይረብሽም»

ይቺን አባባል ከዚህ በኋላ የሚነግረኝ ሰው ልጄን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ። ከምሬ ነው።

የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ። ጫማ እናድርግ ስለው መሬት ላይ ይዘረራል። ስንመለስ ጫማህን እናውልቅ ስለው ደግሞ ያው ልቅሶ። አንዷ ዘመድ አይታ «አሞላቀቅሽው» ትለኛለች። ሌላዋ «ስለምትቆጪው ነው፣ ፍቅር ርቦት ነው» ትላለች። እባካችሁ፣ መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ!

ልጅ ይዞት የሚወለደው ጠባይ አለ እኮ። አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪሞች ኒውዮርክ ውስጥ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምረው ልጆችን ከሕፃንነታቸው እስከ ጉልምስና ተከታትለዋል። 40 በመቶ ያህሉ ገራም፣ 10 በመቶ ያህሉ አስቸጋሪ፣ 15 በመቶ ያህሉ አዲስ ነገር ቶሎ የማይለምዱ ነበሩ። የቀሩት ድብልቅ ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ ከ40ዎቹ ነው፤ የእኔ ከ10ሩ። ጎረቤቴ ግን የአስተዳደግ ሊቅ ሆና ቁጭ ብላለች። ሁለተኛ ትውለድና እንተያያለን።

እነዚሁ ሐኪሞች ትልቁን ቦታ የሰጡት የልጁ ጠባይና የአሳዳጊው ሁኔታ መግጠም አለመግጠሙ ላይ ነው። እኔ ችኩል ነኝ። እሱ የያዘውን ትቶ ወደ ሌላ ለመሄድ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሰዓቱ ሄዷል። ታዲያ ብንጋጭ ምን ይገርማል? እሱም አልባለገ፣ እኔም አልጨከንኩ።

«ከእኔ ጋር አይረብሽም» ላላችሁት ደግሞ፦ ልጅ ብሶቱን የሚያፈነዳው ብዙ ጊዜ የሚተማመንበት ሰው ፊት ነው። ሜሪ ኤንስወርዝ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እናትን ለአፍታ ከክፍሉ እያስወጣች የልጆችን ሁኔታ ስታጠና፣ ከእናታቸው ጋር የጠበቀ ትስስር ያላቸው ብዙዎቹ እናት ስትወጣ አለቀሱ፤ ስትመለስ ሄደው ተለጠፉባትና ተረጋጉ። ሳያለቅሱ ቆይተው ስትመለስ ፊታቸውን ያዞሩም ነበሩ። በኋላ የልብ ምታቸው ሲለካ፣ እነዚያ ዝምተኞችም ውስጣቸው ተጨንቆ ነበር። ስለዚህ ዝም ያለ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። የእኔው አልቅሶ አልቅሶ መጨረሻ ላይ አንገቴ ሥር ነው የሚሸጎጠው። ይኼን ግን ማንም ቆሞ አያይም፤ ሁሉም ጩኸቱን ሰምቶ ፈርዶ ሄዷል።

ሌላ ቀን መንገድ ላይ ተዘርሮ ካያችሁት ምክሩ ይቅርባችሁና ቦርሳዬን ያዙልኝ።