የአጎቴ ጊታር ሐራጅ ወጣ

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩት አጎቴ ጊታራቸውን አሜሪካ ወስጄ እንድሸጥላቸው ሲያወርዱት መጀመሪያ ያሉኝ ይህን ነው። «ቆይ፣ ኮምቦልቻ ልኬ ቀለም ላስቀባው።» መኪና የሚቀቡ ልጆች ያውቃሉ። በሁለት ቀን አዲስ ያስመስሉታል።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ እንዳይነኩት» አልኳቸው።

ግራ ገባቸው። እኛ ዘንድ የሚሸጥ ዕቃ ይታጠባል፣ ይወለወላል፣ ይቀባል። በሬ እንኳ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይቀለባል። እኔ ብዙ ዓመት በኖርኩበት አገር ግን የድሮ ኤሌክትሪክ ጊታር ቀለሙ ከታደሰ ዋጋው በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ጭረቱ፣ የወየበው ፕላስቲክ፣ የዛገው ብሎን ሁሉ የዕድሜው ምስክር ነው። ሰው የሚከፍለው ላልተነካ ነገር ነው።

ጊታሩ ጣሊያን ሠራሽ ኤኮ ነው። ኤኮ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተ የሬካናቲ ፋብሪካ ነው። አካባቢው የአኮርዲዮን ሠሪዎች አገር ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጊታሮች ብዙዎቹ በቀለም ፈንታ አኮርዲዮን የሚለብሰውን የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ለብሰዋል። ድምፅ የሚመረጥባቸው ቁልፎች እንኳ እንደ አኮርዲዮን በጣት ይጫናሉ። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «አላልኩህም? ገና ሳየው አኮርዲዮን ነው የመሰለኝ!» አሉ። ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉን፣ አንቺ ሆዬውን በየሰርጉ የተጫወቱት በዚህ ጊታር ነው።

ሜሪላንድ ተመልሼ ኢንተርኔት ላይ ለሐራጅ አወጣሁት። ጥያቄው በዚያው ቀን ጀመረ። አንዱ የአንገቱን ብሎኖች ፈትቼ ውስጡን ፎቶ እንዳነሳለት ጠየቀ። ሌላው የሽቦዎቹን ብየዳ በቅርበት ማየት ፈለገ። መጀመሪያ ከበደኝ። ኋላ የባቲ የሰኞ ገበያ ትዝ አለኝ። እዚያስ የከብቱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ ማን ይገዛል?

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ባቲ ላይ ጉድለቱን ፈልጎ ማግኘት የገዢው ሥራ ነው። ሻጭ ዝም ይላል። እዚህ ጉድለቱን አስቀድሞ የሚናገረው ሻጩ ነው። የጻፍኩት ስንጥቅ አንድም ሰው አላሸሸም። እንዲያውም «እናመሰግናለን» እያሉ ዋጋ ጨመሩ። ከውጭ ኑሮ ወደ ደሴ የምወስደው አንድ ነገር ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ካወጣኋቸው ጉድለቶች አንዷ ትንሽ ጥቁር ቁልፍ ነች። የድምፅ ማሳደጊያው ቁልፍ አንድ ሰርግ ላይ ተሰብሮ፣ ፒያሳ የነበረ ሬዲዮ ጠጋኝ ከአሮጌ ፊሊፕስ ሬዲዮ ነቅሎ ተካላቸው። ጫፏ ላይ የተጫረች ነጭ መስመር አለች፤ አጎቴ ጨለማ ውስጥ ድምፁ የት እንደደረሰ እንዲያዩ ጠጋኙ በመርፌ ጭሮ ኖራ የሞላባት ነች። ነቅዬ ከፋብሪካው ጋር የሚመሳሰል መተካት እችል ነበር። ግን አልጨከንኩባትም። ታሪኳን ጻፍኩት።

ከዚያ የፎቶው ጉዳይ መጣ። አጎቴ ጊታሩን ይዘው የተነሱት ፎቶ ጀርባ ላይ «ሚያዝያ 1967» ይላል። አንድ ተጫራች በጣም ተደሰተ፤ በእሱ አቆጣጠር ጊታሩ ገና አዲስ ሳለ የተነሳ መስሎታል። ዝም ብል ዋጋው ይጨምር ነበር። በእኛ አቆጣጠር እንደሆነ፣ በእነሱ 1975 እንደሚሆን ጻፍኩለት። ሰውየው ከጨረታው አልወጣም።

ጨረታ ሲባል አገር ቤት ሲፒኦና የታሸገ ፖስታ ነው የሚታየን፤ ሐራጅ ሲባል ደግሞ ባንክ የያዘው ቤት። የቤተ ክርስቲያኑ ጨረታ ለብቻው ነው። እዚያ ሰው ዣንጥላውን ፈልጎ ሳይሆን ለበረከት ብሎ ነው የሚያስወድደው። የኢንተርኔቱ ከሁሉም ይለያል። ገዢው የመጨረሻ አቅሙን ደብቆ ያስገባል፤ ሲስተሙ ሁለተኛውን በጥቂት ብቻ አስበልጦ ያቆምለታል። ብዙዎች እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድምፃቸውን አጥፍተው ይጠብቃሉ።

የእኛ ሐራጅ የሚዘጋው እሑድ ማታ ነበር። ደሴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው በስልክ አብረውኝ ቆዩ። ለሰባት ቀን ከ310 ዶላር ያላለፈው ዋጋ በመጨረሻዎቹ ሃያ ሰከንዶች 655 ደረሰ። «ሸጥነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ለጎረቤት ‹ሊያሠራልኝ ወሰደ› ብያለሁ፤ አደራ» አሉኝ። እኛ አገር የቤት ዕቃ መሸጥ ቸገረው ያሰኛላ። እዚህ ሰው ጊታሩን ይሸጣል፣ ሌላ ይገዛል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የእኛው አስተያየት ስንት አዛውንት ዕቃቸውን በስውር በርካሽ ለደላላ እንዲሰጡ እንዳደረገ ሳስብ ያመኛል።

በማግስቱ አጎቴ ስለ ጊታሩ የጻፍኩትን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሰርጎቹ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ የሚያዝያው ፎቶ። ሳነብ ነው የገባኝ። ይህ ሁሉ ከዚያ በፊት የትም ተጽፎ አያውቅም። ደሴ ላይ ጊታሩን የሚገዛ ሰው የማን ነው ብሎ ይጠይቅና አጎቴን ስለሚያውቃቸው ይበቃዋል። ወረቀት አያስፈልገውም። የሚያውቋቸው ሰዎች ሲያልፉ ግን እውቀቱም አብሮ ይሄዳል። ያ ጠጋኝ አርፏል፤ ሱቁ የት እንደነበር የሚያሳየኝ ሰው እንኳ አላገኘሁም። ስለ አጎቴ ጊታር የተጻፈ ብቸኛው ነገር በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሽያጭ ማስታወቂያ ነው። እሱም ጥቂት ቆይቶ ከገጹ ይጠፋል። በአማርኛ ገልብጬ ላክሁላቸው፤ ከፎቶው ጋር አስቀምጠውታል።

ጊታሩን ክሩን አላልቼ፣ በሁለት ካርቶን አሽጌ ኦሃዮ ላክሁት። ገዢው በሳምንቱ ፎቶ ላከልኝ። ጥቁሯ ቁልፍ አልተነቀለችም። ፎቶውን ለአጎቴ ስልክላቸው ወዲያው ደወሉ። በጣታቸው አስፍተው አይተዋታል።

«ላላ ብላለች» አሉኝ። «ከጎኗ ትንሽ ብሎን አለች፤ ቀስ አድርገህ አጥብቃት በለው።»