ሁለት ሰዓት ያላት ደሴት

በማልታ ደሴት የብዙ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ፊት ላይ ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱ በትክክል ይሠራል፣ ሁለተኛው ግን ወይ በቀለም የተሣለ ነው፣ ወይም ሆን ተብሎ የተሳሳተ ጊዜ ያሳያል። የአገሬው ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ ሰይጣን የቅዳሴውን ሰዓት አውቆ ነፍስ ለማሰናከል እንዳይመጣ ግራ ለማጋባት ነው ይላል። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ብልሃት ግድግዳ ላይ ምንም ሳንሰቅል ስንጠቀምበት ኖረናል፤ ቀጠሮ በያዝን ቁጥር «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ስለምንባባል፣ ሰይጣን ቀርቶ የጠራነው እንግዳም በሰዓቱ ደርሶብን አያውቅም።

ጥቂት ቀን ከሰነበትኩ በኋላ እንደገባኝ፣ በዚያች አገር ሁለት የሆነው ሰዓት ብቻ አይደለም። ማልታ ስፋቷ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ ትበልጣታለች። ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጠው ሕዝቧ ጣሪያ ለጣሪያ ተጠጋግቶ ይኖራል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፣ ይህ ነው የሚባል ደንም የላትም። እኛ «ከወንዝ ወዲህ»፣ «ከወንዝ ወዲያ» ተባብለን የምንለያይበትን ነገር ፈጣሪ ስለነፈጋቸው፣ ልዩነቱን በገዛ እጃቸው ሠርተውታል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ጎዞ ነው። ጎዞ ከዋናው ደሴት በጀልባ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ርቃ የተቀመጠች ታናሽ እኅት ስትሆን፣ ነዋሪዋ ወደ 40 ሺህ ቢጠጋ ነው። በዋና ከተማዋ በቪክቶሪያ፣ በአንድ ጎዳና ላይ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አስትራ እና በ1976 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አውሮራ የሚባሉ ሁለት የኦፔራ ቤቶች አሉ። አስትራ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ወገን የሆነው የማርሽ ባንድ ማኅበር ንብረት ነው፤ አውሮራ ደግሞ በእመቤታችን ፍልሰት ስም የተሰየመው ካቴድራል ወገን ነው። ሁለቱም በየዓመቱ በጥቅምት ኦፔራ ያቀርባሉ፤ ለዚህም የየወገኑ ሰው ከሥራው መልስ ልብስ ሲሰፋ፣ መድረክ ሲቀባና በኅብረት ሲዘምር ወራት ያሳልፋል፤ ክፍያው ማዶ ያለው ወገን እንደሚቀና ማወቁ ነው።

በዚያው መንገድ ዳር ካለች ቡና ቤት ተቀምጬ፣ ቡና የሚቀዳውን ሰው በየዋህነት «የትኛው ይሻላል?» አልኩት። የሚወለውለውን ስኒ አስቀመጠ፤ ወደ በሩ አየ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእነዚያን ገብቼ አይቼው አላውቅም» አለኝ። ዕድሜው ከሃምሳ የዘለለ ሰው ነው። «የእነዚያ» ያለው ቤት ደግሞ እዚያው ጎዳና ላይ፣ ስኒ ተይዞ ቢኬድ ቡናው ሳይበርድ የሚደረስበት ነው።

በበጋ የየደብሩ ንግሥ ሲደርስ ፉክክሩ ወደ ሰማይ ይወጣል። የደብሩ ቅዱስ ሐውልት በሰው ትከሻ ተይዞ ይወጣል፣ ማርሹ ይመታል፣ ርችቱም በጠራራ ፀሐይ ጭምር ይተኮሳል። በቀን የተተኮሰ ርችት ምን ይታያል እንዳትሉ፤ ቁም ነገሩ ማዶ ሰፈር መሰማቱ ላይ ነው።

ፖለቲካውም ያው ነው፤ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ቀይና ሰማያዊ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው የቴሌቪዥን ጣቢያ አላቸው። ማንም ሳያስገድዳቸው እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአሥርት ዓመታት በየጠቅላላ ምርጫው ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው መራጭ ድምፅ ሲሰጥ ኖሯል፤ የሚቀር ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ስለሚታወቅ ይመስለኛል። ፓስቲትሲ የሚባለው እንደ ሳምቡሳ ያለ ትኩስ መክሰሳቸው እንኳ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፦ ባለ አይብና ባለ አተር። እኔ የፍስክና የጾም አድርጌ ተረድቼው ዓርብ ዕለት ባለ አተሩን በንጹሕ ኅሊና ስበላ ከረምኩ፤ ሊጡ ብዙ ጊዜ በስብ እንደሚለወስ የነገረኝ ሰው የመጣው ስድስተኛውን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ቋንቋቸው ሴማዊ ሆኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ራስ «ራስ»፣ ደም «ደም» ነው፤ እዚህ ላይ ሐበሻ ልቡ ይሞቅና ችግር ውስጥ ይገባል። ከፊቴ ተሰልፈው ለነበሩ እናት ባለሱቁ ሂሳባቸውን «ሐምሳ» ሲላቸው ለዚያች ቲማቲም ደነገጥኩላቸው፤ እርሳቸው ግን አምስት ዩሮ ሰጥተው ሄዱ። አንድ ሌላ ቃል ደግሞ ከአፋቸው አይጠፋም፦ «መላ»። «እንግዲህ»ም ነው፣ «እንዴታ»ም ነው፣ «በቃ»ም ነው። ቀኑን ሙሉ መላ፣ መላ ሲባል የሚሰማ ኢትዮጵያዊ እነዚህ ሰዎች ለሁሉም ነገር መላ አግኝተዋል ብሎ ቢቀና አይፈረድበትም።

ቦርጅ፣ ካሚሌሪና ቬላ የሚባሉ የቤተሰብ ስሞች ስለበዙ ሰው የሚለየው በቤቱ ቅጽል ስም ነው። ስለዚህ አዲስ ፊት ሲያዩ «የማን ነህ?» ይላሉ።

በመጽሐፍ ቅዱሳችን መላጥያ የተባለችው ደሴት ይህችው ናት፤ ሐዋርያው ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ የተሰበረባት። ሰዎቹ እሳት አንድደው ተቀበሉት፤ እፉኝት እጁን ስትነድፈው ነፍሰ ገዳይ ነው አሉ፣ ሳይሞት ሲቀር ደግሞ አምላክ ነው አሉ። ሁለት ሆኖ ማሰብ ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው። የመርከቡ መሰበር በየዓመቱ በፌብሩዋሪ 10 በዋና ከተማዋ በቫሌታ በታላቅ ንግሥ ይከበራል። በእኛ ዘመን ከሊቢያ በጀልባ የመጡት የአፍሪካ ልጆች ግን እሳት አልተነደደላቸውም፤ ለብዙ ዓመታት በባሕር የመጣ ሰው እስከ 18 ወር ድረስ ተዘግቶበት ይቆይ ነበር።

ከእነዚያ አንዱ የሆነው ወዳጄ ዛሬ ቋንቋቸውን አቀላጥፎ ይናገራል፤ በንግሡ ዕለት ይዞኝ ወጣ። ከየሰገነቱ የወረቀት ብጥስጣሽ እንደ በረዶ እየወረደብን ሳለ፣ አጠገባችን የቆሙ አንዲት አሮጊት አዩትና «የማን ነህ?» አሉት። እርሱም በትከሻ ላይ ወደሚያልፈው የጳውሎስ ሐውልት በጣቱ እያሳየ፣ «የእርሱ ነኝ፤ እኔም መርከቤ ተሰብሮ ነው የመጣሁት» አላቸው። አሮጊቷ ሐውልቱን አዩ፣ እርሱን አዩ፣ ከትከሻው ላይ ወረቀቱን አራገፉለት።

«መላ» አሉት።